የጎማን ዝልግልግነት ስለሚለካው መሣሪያ ታሪክ

አጎቴ በወግዲ ገበያ በረባሶ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ካረጀ የመኪና ጎማ ጫማ እየቆረጡ ለገበሬ ይሸጣሉ። ጎማው ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች ላይ ተጭኖ ይመጣል። አጎቴ ጎማውን ከመግዛታቸው አስቀድሞ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፤ ጠርዙን ያጥፉታል፤ በካራ ጫፍ ጥቂት ጫር አድርገው ያሸቱታል። ከዚህ በኋላ «ይህ እሺ ይላል» ወይም «ይህ ደርቋል» ብለው ይፈርዳሉ። እኔም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ በክረምት ዕረፍት ወደ ቤት በተመለስሁ ጊዜ፥ ጥቂት የተማርሁት ኬሚስትሪ ራሴን አዙሮት ነበርና፤ «ጋሼ፥ በምን ያውቁታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እጅ ነው የሚያውቀው፤ አንተ ደብተርህን እወቅ» አሉኝ።

ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ቆይቶ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆነኝ። ጎማን በእጅ መርምሮ መፍረድ የወግዲ ሰው ብቻ ልማድ አይደለም። በታላላቆቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎችም መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የነበረው ዕውቀት ከዚህ እምብዛም የተለየ አልነበረም። የእጁ ዕውቀት እንዴት ወደ ቍጥር እንደ ተለወጠ፥ ቍጥሩም በመጀመሪያ ማንን እንደ ጠቀመ፥ ኋላም ወደ ማን እጅ እንደ ገባ መመርመር የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። መሣሪያ ታሪክ የለውም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ ይህን ጽሑፍ አንብበው ቢከራከሩኝ ደስ ይለኛል።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ፈሳሽ ነገር ለመፍሰስ የሚያሳየውን እንቢተኝነት በአማርኛ በአንድ ቃል መጥራት ያስቸግራል። «ወፍራም» ስንል መጠኑን ይመስላል፤ «ጠንካራ» ስንል ደግሞ ድንጋይን ያስታውሳል። ተልባ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲያድር የሚሆነውን ግን ሁላችንም «ዝልግልግ» እንላለን፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዝልግልግነት ብዬዋለሁ። ውሃ ዝልግልግነቱ ጥቂት ነው፤ ዘይት ከውሃ ይበልጣል፤ ማር ከዘይት ይበልጣል። ያልበሰለ ጎማ ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። እንደ ሊጥ ይታሻል፤ በግድም ይፈሳል፤ ነገር ግን እንደ ሊጥ በተሰጠው መልክ ጸንቶ አይቀመጥም፤ የቀድሞ ቅርጹን የሚያስታውስ ይመስል ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል። ግማሽ ፈሳሽ፥ ግማሽ ላስቲክ ነው። መለኪያውን አስቸጋሪ ያደረገውም ይህ ሁለት ጠባዩ ነው።

የጎማ ዛፍ ደም ረግቶና ደርቆ ወደ አውሮፓ መግባት በጀመረ ጊዜ ከባዱ ችግር ግትርነቱ ነበር። በዚህ ጊዜ ቶማስ ሃንኮክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1820 በውስጡ ጥርስ ያለው ከበሮ መሰል መሣሪያ ሠራ። አሳቡ ከሥራው የተረፈውን የጎማ ቍርጥራጭ መቦጫጨቅ ነበር። መሣሪያው ግን ጎማውን በመቦጫጨቅ ፈንታ አሽቶ አሽቶ አንድ ወጥ ድቡልቡል አደረገው። ሃንኮክ ምሥጢሩ እንዳይሰረቅበት መሣሪያውን በማይመስል ስም ይጠራው ነበር፤ ሠራተኞቹንም እንዳይናገሩ አድርጎ ብዙ ዓመት ደበቀው። ከ19 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከዲን ጋር ቀላቅሎ ማብሰልን አገኘ። የበሰለ ጎማ በፀሐይ አይቀልጥም፥ በብርድም አይሰበርም። እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን ጎማ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ የዓለም መንገድ ሁሉ ጎማ ፈላጊ ሆነ። በአገራችንም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ባስገባ ጊዜ፥ የኢትዮጵያ ሰው ከበሰለ ጎማ ጋር ተዋወቀ ማለት ይቻላል። «ከበሰለ ጎማ» ያልሁትን አንባቢዬ እንዲያስብልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የፋብሪካው ሥራ እንግዲህ በአጭሩ ይህ ነው። ጥሬው ጎማ በሁለት ብረት መዳመጫዎች መካከል ይታሻል፤ ሲለሰልስ ጥላሸት፥ ዲንና ሌላውም ቅመም ይገባበታል፤ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ከዚያም በሙቀት ይበስላል። ጎማው በቂ ካልታሸ ቅመሙ አይዋሐደውም፤ ከልክ በላይ ከታሸ ደግሞ ኃይሉን ያጣል። ይህም የሚሆነው ረጃጅሞቹ የጎማ ሞለኪውሎች በመታሸት ስለሚበጣጠሱና የአየሩ ኦክስጅን ስለሚረዳው ነው፤ የኦክስጅንን ድርሻ ሊቃውንት የተረዱት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ታዲያ «አሁን በቃው» የሚለው ማን ነበር? በመዳመጫው አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ነበራ! በእጁ ቈንጥሮ ይስበዋል፥ በጣቱ ይጫነዋል፥ ድምፁንም ይሰማል። በቤታችን እናቶቻችን የእንጀራን ሊጥ በእጃቸው ቀድተው ሲያንጠባጥቡ አብሲት ይጨመርበት ወይም አይጨመርበት እንደሚፈርዱት ማለት ነው። ልዩነቱ፥ እናት ብትሳሳት የሚበላሸው የአንድ ቀን እንጀራ ነው፤ ያ ሠራተኛ ቢሳሳት ወይም ቢታመም ግን የስንት መኪና ጎማ ይበላሻል።

ለመለካት የተደረጉት ሙከራዎች ብዙ ናቸው። ኢጣሊያዊው ማርዜቲ እ.ኤ.አ. በ1923 ጎማውን በጠባብ ቀዳዳ እየገፋ የሚወጣውን መጠን መለካት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት በ1924 አሜሪካዊው አይራ ዊልያምስ ከሁሉ ቀላሉን ዘዴ አወጣ። 2 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚያህል የጎማ ድቡልቡል በጋለ ምጣድ መሰል ሰሌዳ ላይ ያኖራል፤ 5 ኪሎ የሚመዝን ሸክም ይጭንበታል፤ ጊዜው ሲደርስ ጎማው ምን ያህል እንደ ተጨፈለቀ ከፍታውን ይለካል። ይህ ከአጎቴ አውራ ጣት ጋር ወንድማማች ነው፤ የሚለየው አውራ ጣቱ ሁልጊዜ 5 ኪሎ መሆኑ ብቻ ነው። ነገር ግን ሰሌዳው ጎማውን የሚገፋው እጅግ በዝግታ ነው፤ እየተጨፈለቀ በሄደ መጠንም ግፊቱ ይለዋወጣል። አንዱ ላቦራቶሪ ያገኘውን ሌላው ደግሞ ለማግኘት ይቸገር ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሰው ሜልቪን ሙኒ ነው። ሙኒ እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ ተወለደ፤ ትምህርቱ ፊዚክስ ነበር፤ ዩናይትድ ስቴትስ ረበር በተባለው ታላቅ ኩባንያ ላቦራቶሪ ተቀጥሮ ሠራ። መሣሪያውን ለሊቃውንት ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1934 በታተመ ጽሑፍ ነው። ሙኒ የለወጠው ነገር ጥያቄውን ነው ቢባል ይሻላል። ከእርሱ በፊት የነበሩት «ይህን ጎማ ብጫነው ምን ያህል ይጨፈለቃል?» ብለው ጠየቁ። እርሱ ግን «በዚህ ጎማ ውስጥ አንድ ሰሐን ባዞር ጎማው ምን ያህል ይታገለኛል?» ብሎ ጠየቀ። ማማሰያን በገንፎ ውስጥ ያዞረ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ በክንዱ ያውቀዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት የብረት አቃፊዎች አሉ፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ሲዘጋ በመካከላቸው ዝቅ ያለ ክብ ጕድጓድ ይቀራል። በጕድጓዱ ውስጥ 38.1 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5.54 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሰሐን ከዘንግ ጋር ይቆማል። ከሚመረመረው ጎማ ሁለት ክብ ቍራጭ ይወሰዳል፤ የአንደኛው መካከል ለዘንጉ ይበሳል፤ አንዱ ከሰሐኑ በታች፥ ሁለተኛው በላይ ሆኖ ይዘጋበታል። የአቃፊዎቹና የሰሐኑ ፊት ሻካራ ሆኖ የተፈለፈለ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ፊቱ ልሙጥ ቢሆን ኖሮ ሰሐኑ ጎማውን ሳያንቀሳቅስ እየተንሸራተተ ይዞር ነበርና፥ የሚለካው ዝልግልግነት ሳይሆን መንሸራተት ይሆን ነበር። ከዚያም ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ጎማው 1 ደቂቃ እንዲሞቅ ይተዋል፤ ሰሐኑም በደቂቃ 2 ጊዜ ብቻ እየዞረ 4 ደቂቃ ይሠራል። ጎማው ሰሐኑን ሲታገል ትግሉ በጥርስ በኩል ወደ አንድ የጎበጠ የብረት ሞላ ይተላለፋል፤ ሞላው ምን ያህል እንደ ተለመጠ ሰዓት የሚመስል መርፌ ያመለክታል። በኋላ በወጡት ሞዴሎች የሞላውንና የመርፌውን ሥራ ኤሌክትሪክ ወስዶታል፤ ሰሐኑና ፍጥነቱ ግን ያው የሙኒ ናቸው።

መርፌው የሚያሳየው ቍጥር «የሙኒ መስፈሪያ» ይባላል። 100 የሙኒ መስፈሪያ ማለት ሰሐኑን ለማዞር 8.3 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል አስፈለገ ማለት ነው። ዛሬ አንድ ነጋዴ «60፥ ኤም ኤል 1 ሲደመር 4፥ በ100 ዲግሪ» ብሎ ቢጽፍ፥ ኤሙ ሙኒን፥ ኤሉ ትልቁን ሰሐን፥ 1ዱ የማሞቂያውን ደቂቃ፥ 4ቱ የመዞሪያውን ደቂቃ ያመለክታሉ። ፊዚክስ የሚያጠኑ ጓደኞቼ ይህ እውነተኛ የዝልግልግነት መስፈሪያ አይደለም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። እንደ ልማድ የተወሰነ መስፈሪያ ነው። ግን የአገራችንን ቁና እናስብ። ቁና የተናቀው መስፈሪያነቱ ስለ ጠፋ አይደለም፤ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ስለሚለይ፥ ነጋዴውም በሰፊው ቁና ገዝቶ በጠባቡ ስለሚሸጥ ነው። የሙኒ መሣሪያ ትልቁ ውለታ ቁናውን በሁሉ አገር አንድ ማድረጉ ነው፤ ሰሐኑ፥ ሙቀቱና ደቂቃው በዓለም አቀፍ ደንብ ተወስኗልና።

የመሣሪያው ስም የገነነው በጦርነት ጊዜ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ ማላያንና ሲንጋፖርን በያዘች ጊዜ፥ ከዓለም የተፈጥሮ ጎማ ከ10 እጁ 9 የሚያህለው የሚገኝበት አገር ለአሜሪካ ተዘጋ። የአሜሪካ መንግሥት በፋብሪካ የሚሠራ ጎማ በብዛት እንዲመረት አዘዘ፤ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩት ኩባንያዎች ሁሉ ጂ አር ኤስ የተባለውን አንድ ዓይነት ጎማ እንዲሠሩ ተደረገ። ከብዙ ፋብሪካ የሚወጣ አንድ ዓይነት ዕቃ እንዴት አንድ ዓይነት መሆኑ ይታወቃል? የአንዱ ፋብሪካ ሠራተኛ እጅ ከሌላው ሠራተኛ እጅ ጋር ሊተያይ አይችልም። የሙኒ ቍጥር ግን ይችላል፤ የጂ አር ኤስ ቍጥር 50 ገደማ እንዲሆን ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1945 የዓመቱ ምርት ከ700 ሺህ ቶን በላይ ደረሰ። ሙኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የቢንግሃም ሜዳልያ ተቀበለ፤ በ1968 ዐረፈ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የገዢው ወገን ታሪክ ነው። ጥሬ ጎማ የሚገዛው ፋብሪካ የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ዛፉን የሚያደማው ገበሬ የለውም። (ሙኒ የሠራበት ኩባንያ በሱማትራ የራሱ ሰፊ የጎማ ተክል ስለ ነበረው፥ ገዢም አብቃይም ነበር፤ ነገሩ በጠቅላላው ግን ይኸው ነው።) የተፈጥሮ ጎማ በዓለም ገበያ የሚመደበው በዐይን ነበር። በጢስ የደረቀውን ቅጠል መሰል ጎማ ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀለሙን፥ አረፋውንና ሻጋታውን አይቶ አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ ይባላል። ዐይን ግን ዝልግልግነትን አያይም። መልኩ ያማረ ጎማ በፋብሪካው መዳመጫ ላይ ግትር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ የተፈጥሮ ጎማ በመጋዘን ሲቆይ ራሱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ሻጩ የላከው 60 ሆኖ ሳለ ገዢው ዘንድ ሲደርስ 80 ሊሆን ይችላል። በፋብሪካ የሚሠራው ጎማ ግን ቍጥሩ ተጽፎበት ይመጣል። ከጦርነቱ በኋላ የማላያ ገበሬ የተፎካከረው ከዚህ ጋር ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅልኝ የምፈልገው ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። በማላያ እ.ኤ.አ. በ1925 የተቋቋመ የጎማ ምርምር ተቋም ነበር። በዚያ ካደጉት የአገሩ ልጆች አንዱ ሴክሃር የተባለው ኬሚስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ተወልዶ በ1966 የተቋሙ ዲሬክተር ሆነ፤ ከእስያ ሰዎች የመጀመሪያው እርሱ ነው። ሴክሃርና ጓደኞቹ ጎማው በመጋዘን የሚጠነክርበትን ምክንያት መረመሩ፤ ሃይድሮክሲላሚን የተባለውን ኬሚካል በጥቂቱ ቢጨምሩበት መጠንከሩ እንደሚቆም አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1965 ማሌዥያ የራስዋን የጎማ ደረጃ አወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ጎማው በመልኩ ሳይሆን በላቦራቶሪ በተለካ ጠባዩ ይሸጥ ጀመር። ዝልግልግነቱ የጸናው ዓይነት «60» ተብሎ ሲሸጥ ከ55 በታች ወይም ከ65 በላይ እንዳይሆን ሻጩ ራሱ ቃል ይገባል። በአሜሪካ ፋብሪካ ለገዢው የተሠራው ሰሐን አሁን በሻጩ ቤት ዞረ። ገዢው «ጎማህ ግትር ነው» ቢል፥ ሻጩ «ወረቀቱን እይ» ለማለት ቻለ።

እኔ ከወግዲ ስለ መጣሁ ይህን ሳነብ የቆዳና የሌጦ ነጋዴው ትዝ አለኝ። ገበሬ የበጉን ሌጦ ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ነጋዴው ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ውዳቂ ነው» ይላል። ገበሬው በምን ይከራከረዋል? እርሱም እኮ እጅና ዐይን አለው፤ ነገር ግን የሻጭ እጅ በገበያ አይታመንም።

መሣሪያውን ከልክ በላይ እንዳላመሰግነው ጕድለቱንም መናገር ይገባኛል። ሰሐኑ የሚዞረው እጅግ በዝግታ ነው፤ በፋብሪካ ግን ጎማው በጠባብ አፍ ሲገፋ የሚፈስበት ፍጥነት ከዚህ በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል። ስለዚህ የሙኒ ቍጥራቸው እኩል የሆነ ሁለት ጎማዎች በሥራ ላይ የተለያየ ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ። ደግሞም ጎማው እንዴት እንደሚበስል እስከ መጨረሻው አይከታተልም። ቅመም የገባበት ጎማ መብሰል ሲጀምር መርፌው ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፤ ከዝቅተኛው 5 መስፈሪያ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ይቈጠርና ጎማው ያለ ጊዜው ይበስል እንደ ሆነ ይታወቃል። ከዚያ ካለፈ ግን ጎማው ይጠነክርና በሰሐኑ ዙሪያ ይቀደዳል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰሐኑን ሙሉ በሙሉ ከማዞር ይልቅ ወዲያና ወዲህ ጥቂት የሚያወዛውዝ ሌላ መሣሪያ ወጣ፤ በ1980ዎቹም ሰሐኑን ፈጽሞ ትቶ አቃፊውን ራሱን የሚያወዛውዝ ተከተለው። የሙኒ መሣሪያ ግን አልተጣለም፤ ጥሬ ጎማ በሚሸጥበትና በሚገዛበት ስፍራ ሁሉ ዛሬም ይሠራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመውን የአዲስ ጎማ ፋብሪካ እናገኛለን። ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር ተሻርኮ ነበር፤ በኋላም ሆራይዘን አዲስ ጎማ ተብሏል። በደቡብ ምዕራብ በጉራፈርዳ ደግሞ የጎማ ዛፍ ተተክሏል። የቀረነው ኢትዮጵያውያን ግን ጎማን የምናውቀው ከላይ እንዳልሁት ከበሰለ በኋላ ነው፤ ጥሬውን ያየ ከመቶ አንድ አይገኝም። በመርካቶ ጎማ ተራ የሚቈረጠው፥ በአጎቴም ካራ የሚላጠው የበሰለ ጎማ ነው። የበሰለ ጎማ አይፈስም፤ ስለማይፈስም ዝልግልግነቱ በሙኒ ሰሐን አይለካም። እንጀራን ከጋገሩ በኋላ ሊጡ ቀጥኖ ነበር ወይስ ወፍሮ ነበር ብሎ ቢጠይቁት እንጀራው አይመልስም።

ባለፈው ዕረፍት ይህን ሁሉ ለአጎቴ አስረዳኋቸው። የሰሐኑን ሥዕል በመሬት ላይ ሣልሁላቸው። እርሳቸውም ከጎማው ላይ ዐይናቸውን ሳያነሡ ሰሙኝና፤ «እንግዲያ ይህ ለኔ አይሆንም፤ የኔው ከበሰለ ቆይቷል» አሉ። እኔ ሁለት ዓመት አንብቤ የደረስሁበትን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። ለእርሳቸው የሚሆነው ሌላ መሣሪያ ነው፤ አልበርት ሾር የተባለ አሜሪካዊ የፈጠረው፥ በኪስ የሚያዝ፥ ጫፉን በበሰለ ጎማ ላይ ሲጫኑት ጥንካሬውን ከ0 እስከ 100 የሚያሳይ። የመኪና ጎማ የውጭ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ገደማ ያሳያል። ይህን ስነግራቸው አንድ የጎማ ቍራጭ ብድግ አድርገው በአውራ ጣታቸው ተጫኑትና፤ «ይህንን ስንት ይለዋል?» አሉኝ። እኔም ተጫንሁት፤ ግን ምንም ልል አልቻልሁም። ለሚመጣው ክረምት መሣሪያውን የሚያውሰኝ ላቦራቶሪ ካገኘሁ፥ አጎቴ «እሺ ይላል» ያሉትንና «ደርቋል» ያሉትን ሃያ ሃያ ቍራጭ እየለካሁ ለመመዝገብ አስቤአለሁ።